ሰንሰለቱን ፍቱት፦ የተማሪ ማደሪያ የድንገተኛ መውጫና የእሳት ማስጠንቀቂያ አሠራር

ደብረ ማርቆስም ይሁን ባሕር ዳር፣ እንጅባራም ይሁን ሞጣ፣ ቤተሰቡን ትቶ ለትምህርት ወደ ጎጃም ከተሞች የመጣ ተማሪ ከሁለት በአንዱ ቦታ ያድራል፤ ወይ በትምህርት ተቋሙ ግቢ ውስጥ በብሎክ (በማደሪያ ሕንፃ)፣ ወይ ከተማ ውስጥ በኪራይ ክፍል። አንደኛው ፎቅ ነው፤ ሁለተኛው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ። በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። ሲመሽ አንድ ሰው በሩን ይቆልፍና ቁልፉን ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ በምኖርበት ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከፍራሽ ሥር የተቀበረ ኤክስቴንሽን ተቃጠለ። እሳቱ ትንሽ ነበር። ጭሱ ግን የስፖንጅ ጭስ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጉሮሮ የሚዘጋ። ኮሪደሩን በጥቂት ደቂቃ ሞላው። ወደ ኋላ በር ሮጥን። ከበሩ በላይ «መውጫ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ አለ፤ ከጽሑፉ ሥር አውራ ጣት የሚያህል ሰንሰለት። ቁልፉ ያለው ጥበቃው ዘንድ ነበር፤ ጥበቃው ደግሞ የሚቃጠለውን ለማየት በፊተኛው ደረጃ ወደ ላይ ወጥቷል። ተጋፍተን በዋናው በር ወጣን፤ ሰው አልሞተም። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንግዳ ቤት ባድር መጀመሪያ የምነካው የበሩን መወርወሪያ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ በደኅና አያልቅም። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2001 በክያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማደሪያ ሆን ተብሎ በተለኮሰ እሳት 67 ተማሪዎች አልቀዋል። ከማደሪያው ሁለት በሮች አንዱ ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም ብረት ነበራቸው።

ዛሬ ማታ፦ ዓይን ጨፍኖ መውጣት

የመጀመሪያው ሥራ ሳንቲም አይጠይቅም። ያስተማረኝም ዓይነ ስውር የዶርም ጓደኛዬ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁላችን ሞባይላችንን ስንደባብስ እሱ ውኃ ቀድቶ ይመለስ ነበር። እንዴት እንደሚችልበት ብጠይቀው «እናንተ ታያላችሁ፤ እኔ እቆጥራለሁ» አለኝ። ጭስ ውስጥ የሚያይ ሰው የለም፤ ስለዚህ ቁጠሩ።

1. አልጋችሁ ላይ ሁኑና ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንድ ጓደኛ ከኋላ ይከተላችሁ፤ እንዳትወድቁ እንጂ እንዲመራችሁ አይደለም።

2. ከአልጋው እስከ ክፍሉ በር ስንት እርምጃ እንደሆነ ቁጠሩ። ከዚያ አንድ እጃችሁን ግድግዳው ላይ እያስኬዳችሁ እስከ ደረጃው ስንት በር እንደምታልፉ፣ ደረጃው ስንት እርከን እንዳለው፣ የት ላይ እንደሚታጠፍ ቁጠሩ።

3. ያንኑ መንገድ ተንበርክካችሁ ድገሙት። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚተነፈስ አየር የሚቀረው ወለሉ አጠገብ ነው። በዳዴ ስትሄዱ ቆማችሁ ያላያችሁት ነገር ሁሉ ይመታችኋል፤ የጫማ መደርደሪያ፣ ጀሪካን፣ የሰው ሻንጣ። የመታችሁን ዕቃ በማግስቱ ከመንገድ አንሱት።

4. አሁን በሌላኛው መውጫ በኩል ደግማችሁ ሞክሩ። ሌላ መውጫ ከሌለ ወይም ከተቆለፈ ዛሬ ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

5. ውጤቱን በትልቁ ጽፋችሁ ከክፍላችሁ በር በስተጀርባ ለጥፉ፦ «ወደ ግራ፣ 5 በር፣ 11 ደረጃ፣ መታጠፍ፣ 11 ደረጃ፣ ውጭ»። ቁጥሩ የራሳችሁ ብሎክ ይሁን።

የብሎኩ በሮች፦ የሚከፈተውና የሚዘጋው

ፕሮክተሮችም (የማደሪያው ተቆጣጣሪዎች) ተማሪዎችም የሚያምታቷቸው ሁለት ዓይነት በሮች አሉ።

አንደኛው ወደ ውጭ የሚያወጣው የድንገተኛ መውጫ ነው። ትክክለኛው ዓይነት ወደ ውጭ፣ ሰው በሚሸሽበት አቅጣጫ ይከፈታል፤ በወገብ ቁመት ላይ በአግድም የተዘረጋ ብረት አለው፤ ብረቱ ሲገፋ በሩ ይከፈታል። ይህ አሠራር የመጣው ከመከራ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ከተማ፣ በቪክቶሪያ አዳራሽ 183 ሕፃናት ደረጃ ሥር ተደራርበው ሞቱ። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር፤ አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎም በመቀርቀሪያ ተይዞ ነበር። እሳት እንኳ አልተነሳም፤ ልጆቹ ስጦታ ሊቀበሉ ነበር የሚሮጡት። ከኋላ የሚገፋው ሰው ሲበዛ ከፊት ያለው ወደ ራሱ ስቦ የሚከፍትበት ቦታ አያገኝም። ወደ ውጭ የሚከፈት በር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህን በር በወር አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን ፈትሹት። በአንድ እጅ፣ ያለ ቁልፍ፣ ያለ ማብራሪያ ይከፈታል? ከብሎኩ ሁሉ አቅመ ደካማ የሆነው ተማሪ ይክፈተውና እዩ፤ የስፖርት ሳይንስ ተማሪው ቢከፍተው ምንም አልታወቀም። እስከ መጨረሻው ይከፈታል ወይስ ውጭ የተከመረ አሸዋና የተሰበረ አልጋ ያግደዋል? የሚያሳልፈው ክፍት ቦታ ከ80 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም። ክረምት ላይ ደግሞ እንጨት ያብጣል፣ ብረት ይዝጋል፤ በግንቦት የተከፈተ በር በነሐሴ እምቢ ሊል ይችላል።

ሁለተኛው ኮሪደሩን ከደረጃው የሚለየው በር ነው። ይህ በራሱ እንዲዘጋ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ አይቆለፍም፣ ግን ዘወትር መዘጋት አለበት። የአንድ ፎቅ ጭስ ደረጃውን እንደ ጭስ ማውጫ ተጠቅሞ ወደ ላይኞቹ ፎቆች እንዳይወጣ የሚከለክለው እሱ ነው። እኛ ደግሞ ለመመላለስ እንዲመቸን ድንጋይ እናስደግፈዋለን። ድንጋዩን አንሱ። ነገ ተመልሶ ታገኙታላችሁ፤ እንደገና አንሱት።

ሰንሰለቱን እንዴት ማስፈታት ይቻላል

ሰንሰለት ያሰረውን ሰው ሞኝ አድርጎ መናገር አይጠቅምም። የኋላ በር ክፍት ሲያድር ላፕቶፕ ይጠፋል፤ ሲጠፋም የሚጠየቀው ፕሮክተሩ ነው። ስለዚህ «ፍቱት» ከማለት በፊት ምትክ ይዛችሁ ቅረቡ። ከሁሉ የሚሻለው ከውስጥ በግፊት የሚከፈት፣ ከውጭ ግን እጀታ የሌለው በር ነው፤ ሰው ይወጣበታል፣ ሌባ አይገባበትም። በዚያ ላይ በሩ ሲከፈት የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ደወል ቢጨመር በሌሊት ሹልክ የሚለውንም ያሳብቃል። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቁልፍ ማንጠልጠል ብዙ ቦታ ይታያል፤ እኔ አላምነውም፤ ከጊዜ በኋላ ሣጥኑ ይቀራል፣ ቁልፉ ይጠፋል።

ጥያቄውን በቃል አታቅርቡ፤ በቃል የቀረበ ነገር ኮሪደር ላይ ይቀራል። ጻፉት፦

«ለተማሪዎች አገልግሎት። ጉዳዩ፦ የብሎክ ___ የኋላ የድንገተኛ መውጫ በር እንዲከፈት ስለመጠየቅ። በዚህ ብሎክ ___ ተማሪዎች እናድራለን። የኋላው በር በሰንሰለትና በቁልፍ የታሰረ ስለሆነ በእሳት ጊዜ መውጫው አንድ በር ብቻ ነው። በሩ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ ከውጭ ግን የማይከፈት እንዲደረግልን፣ እስከዚያው ድረስ ሰንሰለቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተፈትቶ ጥበቃ እንዲመደብ እንጠይቃለን።»

የሰንሰለቱን ፎቶግራፍ አያይዙ፤ ከየክፍሉ አንድ ሰው ይፈርም። ሁለት ቅጂ አድርጉና አንዱን ገቢ አስደርጋችሁ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት የሚፈጥረውን ፍጥነት ጩኸት አይፈጥረውም።

ኪራይ ቤት ከሆነ

እዚህ ፕሮክተርም ማኅተምም የለም፤ ያሉት የቤቱ ባለቤት ናቸው። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ሰባት ክፍል በተርታ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ኮርኒስ፣ አንድ የቆርቆሮ የውጭ በር። እኔ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ ደግ ሴት፣ በሩን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ በጓጉንቸር ይቆልፉ ነበር።

«እትዬ፣ የውጭ በሩን ቁልፍ ማታ የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከትራሴ ሥር ነው። ምነው ልጄ፣ ልታመሽ አስበሃል?»

«ኧረ አይደለም እትዬ፤ ምናልባት እሳት ቢነሳ ብዬ ነው።»

«እሳትማ በዕድሜ አንዴ ነው፤ ሌባ ግን በየሳምንቱ ነው።»

መልስ አልነበረኝም፤ የሳቸው ስሌት ትክክል ነው። ያግባባን ብረት በያጅ ነው። ከበሩ በስተውስጥ ወፍራም መወርወሪያ በየደ፤ ከመወርወሪያው ዙሪያ ደግሞ 30 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ላሜራ፣ ሌባ በቀዳዳ ወይም በበሩ አናት እጁን ሰድዶ እንዳይደርስበት። ጓጉንቸሩ ቀረ። ወጪውን ተከራዮቹ ተካፈልን፤ ለእያንዳንዳችን ከአንድ ሳምንት የሻይ ወጪ አልበለጠም።

መስኮቱ ቀጥሎ ይመጣል። ፍርግርግ ብረቱ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ መስኮቱ መውጫ አይሆንም። በያጁ አንዱን ጎን ቆርጦ ማጠፊያ፣ በሌላው ጎን ከውስጥ ብቻ የሚነቀል ዘንግ እንዲያደርግለት ጠይቁ። ሰው የሚያሳልፍ ክፍት ቦታ ቁመቱም ስፋቱም ከ45 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም፤ 50 በ70 ቢሆን ትከሻ ሰፊ ሰውም ይወጣል። ዘንጉን በየወሩ ነቅላችሁ መልሱት፤ አለበለዚያ ይዝግና ይቀራል።

አንድ መጥፎ ልማድም አለ። ቅዳሜ ታላቅየው ገበያ ሲወጣ ታናሽ ወንድሙን ወይም እህቱን ክፍል ውስጥ ትቶ ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፋል፤ «ዕቃ እንዳይጠፋ፣ ልጁም እንዳይጠፋ»። ምድጃ ባለበት ክፍል ውስጥ ሰውን ከውጭ መቆለፍ በፍጹም አይገባም። ልጁ ከውስጥ ይወርውር፣ ወይም ጎረቤት ዘንድ ይዋል።

ደወሉ

ግቢ ውስጥ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ ካለ አራት ነገሮችን ፈልጋችሁ አግኙ፦ ጣሪያ ላይ ያለውን ክብ የጭስ ጠቋሚ፣ ግድግዳ ላይ ያለውን በእጅ የሚጫኑት ቀይ ሣጥን፣ የሚጮኸውን ደወል፣ እንዲሁም አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው አጠገብ የሚሰቀለውን መቆጣጠሪያ። መቆጣጠሪያው ላይ አረንጓዴ መብራት ኃይል አለ ማለት ነው፤ ቀይ እሳት፤ ቢጫ ብልሽት። ብዙ ብሎኮች ውስጥ ቢጫው በርቶ፣ ጩኸቱ ስላስቸገረ ድምፁ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ቢጫ ካያችሁ ቀኑን ጽፋችሁ አሳውቁ። መብራት በጠፋ ቁጥር መሣሪያው የሚኖረው በውስጡ ባለው ባትሪ ነው። ባትሪው ከሞተ፣ ሻማና ጧፍ በሚበራበት፣ እሳት በሚቀርብበት በዚያው ሌሊት ደወሉም አብሮ ይተኛል።

ጠቋሚውን በፌስታል ወይም በካልሲ መሸፈን የተለመደ ነው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ቡና ሲፈላ ዕጣኑ ያስጮኸዋል። ቡናውን በረንዳ ላይ አፍሉ።

በኪራይ ቤት በባትሪ የሚሠራ፣ የሲኒ ማስቀመጫ የሚያህል ራሱን የቻለ ጠቋሚ ይበቃል። አሰቃቀሉ እንዲህ ነው፦

1. ጣሪያው መካከል ስቀሉት። ግድግዳ ላይ ከሆነ ከጣሪያው 30 ሳንቲሜትር ሳይርቅ። ጣሪያው ሾጣጣ ከሆነ ጫፉ ላይ አታድርጉት፤ እዚያ የታመቀ አየር ጭሱን ሊያግደው ይችላል። ከጫፉ 10 ሳንቲሜትር ዝቅ በሉ፣ ከ90 በላይ ግን አትራቁ።

2. ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ክፍሉ ራሱ 3 ሜትር ከሆነ፣ አብዛኛውም እንደዚያ ነው፣ ምድጃውን ወደ በሩ አምጡና ጠቋሚውን በአልጋው በኩል አድርጉት። ምድጃው ግን ማብሰል ሲያበቃ ከበሩ መንገድ ይነሳ።

3. በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ አስጩኹት። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ጥረጉ፤ የጭቃ ግድግዳ አቧራ አያልቅበትም።

4. በየደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ አጭር ድምፅ ካሰማ ባትሪው እያለቀ ነው። ባትሪውን ለሬዲዮ ነቅሎ መውሰድ ወንጀል ባይሆንም ወንጀል ቢሆን እደግፋለሁ።

5. ጀርባው ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል። 10 ዓመት ሲሞላው ቢጮህም ጣሉት፤ ውስጡ ያለው ጠቋሚ ክፍል ያረጃል።

መሣሪያው የማይሠራውን ነገርም እወቁ። የጭስ ጠቋሚ የከሰልን መርዝ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጥቅምት ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ተማሪው የፈመ ከሰል ያስገባና በሩን ዘግቶ ይተኛል። ጭስ ስለሌለው ደኅና ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ከዚያ የተኛውን ሳይነቃ ይወስደዋል። ለዚህ የተሠራ ሌላ ጠቋሚ አለ። እሱ ቢኖርም ባይኖርም ከሰል ከመኝታ በፊት ከክፍሉ ይውጣ። ለብርዱ ጋቢ ደርቡ።

መሣሪያ ጭራሹን ከሌለስ? ገጠር ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ መልሱን ያውቃል። አሮጌ የመኪና ቸርኬ በወፍራም ሽቦ ግቢው መካከል ስቀሉ፤ የሚመታበትን ብረት አጠገቡ እሰሩት፣ ካልታሰረ ልጆች ይወስዱታል። በሌሊት ድምፁ ሰፈር ይሰማል። ሳያቋርጡ ደብድቡት፤ አብራችሁም «እሳት! እሳት!» በሉ። «እሪ» ብቻ አትበሉ። በእኛ አገር በሌሊት እሪታ የሰማ ሰው ሌባ መጣ ብሎ ዱላ ይዞ ነው የሚወጣው፤ እናንተ የምትፈልጉት ባልዲ ይዞ የሚመጣውን ነው።

ሲጮህ

ተነሡ፤ ጫማ አድርጉ፤ ላፕቶፑን ተዉት። ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ቀስቅሱ። የክፍሉን በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት። ትኩስ ካልሆነ ዝቅ ብላችሁ ውጡና በሩን ከኋላችሁ ዝጉት፣ አትቆልፉት። የተዘጋ ተራ የእንጨት በር እንኳ እሳትን ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል። ስትወጡ ቀዩን ሣጥን ተጫኑ። ሊፍት ካለ አትግቡበት።

በሩ ትኩስ ከሆነ ወይም ኮሪደሩ በጭስ ከተሞላ እዚያው ቆዩ። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በረጠበ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ድፈኑ፣ መስኮት ክፈቱ፣ የሞባይል መብራት እያወዛወዛችሁ ተጣሩ።

ልብሳችሁ ከተያያዘ አትሩጡ፤ መሬት ላይ ወድቃችሁ ተንከባለሉ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሠራው እሳቱ ከቆሻሻ ቅርጫት ሳይበልጥ፣ በሩም ከጀርባችሁ ሲሆን ብቻ ነው። ማጥፊያ ሲሊንደር ካለ መርፌው አረንጓዴው ላይ መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። በኤሌክትሪክ እሳት ላይ ውኃ አታፍስሱ፤ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ። የተቀጣጠለ ዘይትንም በክዳን አፍኑት እንጂ ውኃ አይንካው።

ስልክ መደወል ከወጡ በኋላ ነው። 939 በአዲስ አበባ የሚታወቅ ቁጥር ነው፤ እናንተ የምትኖሩበትን ከተማ የእሳት አደጋ ጣቢያና የአቅራቢያውን ፖሊስ ቁጥር ዛሬ ጠይቃችሁ ከዚያው ከበሩ ወረቀት ላይ ጻፉት። የኪራይ ቤት አድራሻ ስለማይኖረው አቅጣጫውንም አብራችሁ ጻፉ፦ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከየትኛው ወፍጮ ቤት አጠገብ። የደነገጠ ሰው የራሱን ሰፈር መግለጽ ያቅተዋል።

ልምምድ

በሴሚስተር አንድ ጊዜ ይሁን፤ የዓመቱ የመጀመሪያው አንደኛ ዓመቶች ከገቡ በኋላ ባለው ሳምንት፤ የብሎኩን ጀርባ የማያውቁት እነሱ ናቸው። ቀኑን ንገሩ፣ ሰዓቱን አትናገሩ። መሰብሰቢያው ከሕንፃው የራቀ፣ መኪና የማይመጣበት ሜዳ ይሁን። እዚያ በስም ሳይሆን በክፍል ቁጠሩ፤ «204፣ ስድስታችንም አለን» የሚል አንድ ሰው ከየክፍሉ ይበቃል። የጎደለ ካለ ወደ ውስጥ የሚመለሰው እሳት አጥፊ ነው፤ ለሱ ንገሩት።

ደወሉን የማይሰማ ተማሪ ካለ ትከሻውን የሚነካ ሰው በስም ይመደብለት። በክራንች ወይም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ ምድር ቤት እንዲመደብ ጠይቁ፤ ይህ የሚሟገቱለት ነገር ነው።

እኛ የመጀመሪያውን ስናደርግ የመጨረሻው ሰው ሜዳው ላይ የደረሰው በዘጠነኛው ደቂቃ ነበር፤ አንዱ ጥርሱን እየፋቀ ወጣ። በሁለተኛው ጊዜ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ለዚያ ልምምድ የኋላው ሰንሰለት ተፈትቶ ነበር። እናንተም በልምምዱ ማግስት ጠዋት ወደ ኋላ በር ሄዳችሁ እዩ። ሰንሰለቱ ተመልሶ ከሆነ ማኅተም ያለበትን ቅጂ አውጡ፣ አዲስ ቀን ጻፉበትና እንደገና ገቢ አድርጉት።